ውሃ የቆመበት ማሳ

የባሌ አባት ስለ እህል ሲያወሩ ጎረቤት የሚያሙ ይመስሉ ነበር። ገብስ ቅንጡ ነው፤ እግሩ ከረጠበ ያኮርፋል። ባቄላ ደግሞ ከገብስ ይብሳል፤ ውሃ ጥቂት ቀን ከተኛበት ጠቁሮ ቁጭ ይላል። ጤፍ ታጋሽ ናት፣ ኑግ ሆደ ሰፊ ነው። የጓያ ስም ሲነሳ ግን ቀልዱን ይተዉትና እጃቸው ሳያውቁት ወደ ጉልበታቸው ይሄዳል።

ምክንያት ነበራቸው። ጓያ እግር እንደሚሰብር በኛ አገር ልጅ እንኳ ያውቃል። ሲያዩት ምንም ክፋት የለበትም፤ አበባው ሰማያዊ ነው፣ ፍሬው ጠርዝ ጠርዝ ያለው ትንሽ ጥራጥሬ ነው፣ ጣዕሙም አይጠላም። በጥጋብ ጊዜ ከሌላ እህል ጋር ተደባልቆ ሽሮ ይሆናል፤ ማንንም አይነካም። ሌላ እህል ጠፍቶ እሱ ብቻ በቤት ሲቀር ግን በመንደሩ አንዳንድ ሰው ጉልበቱ ይታሰራል፤ በጥቂት ወር ውስጥ በምርኩዝ መሄድ ይጀምራል፤ ከዚያም አይመለስም። «ጓያ ሰበረው» ይባላል። ሌላ ማብራሪያ የሚጠይቅ የለም።

እንዴት እንደሚሰብርም ሁላችንም እናውቅ ነበር፣ ወይም የምናውቅ ይመስለን ነበር። እንፋሎቱ ነው። ጓያ ሲቀቀል ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት ሰውነት ውስጥ ገብቶ ጅማት ያስራል ይባላል። ስለዚህ ሴቶች ጓያ ሲቀቅሉ አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ነበር ክዳኑን የሚያነሱት። እርጉዝ ሴት ጨርሶ አትጠጋም። ከበረደ በኋላ ግን እንደማንኛውም ምግብ ነው፤ ማንም አይፈራውም።

እኔ የደብተራ ልጅ ነኝ። አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ፊደሉን ለእኔ አስቆጠሩኝ፤ ዳዊትም ደግሜያለሁ። ይህን ዛሬ በገዛ እጄ የምጽፈው በዚያ ምክንያት ነው። የተዳርሁት ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው አቅጣጫ፣ መሬቱ ጥቁር ዋልካ የሆነበት አገር ነው። ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል። በክረምት ደግሞ ዝናቡን ይጠጣ ይጠጣና ከጠገበ በኋላ አንዲት ጠብታ አይቀበልም፤ ውሃው እላዩ ላይ ይተኛል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ገበሬውን ከዝናብ እጦት ይልቅ የዝናብ ትርፍ ያሳስበዋል።

ጣሊያን አገሩን የያዘው እኔ ባገባሁ ሰሞን ነው። ባሌ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ዓባይ በረሃ ወረደ። አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ሚስታቸው ከሞቱባቸው ቆይቷል፤ ስለዚህ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን። አዲስ ሙሽራ በባሏ አባት ፊት ቀና ብላ አታይም፣ አትበላም፣ ካልተጠየቀች አትናገርም። እኔም ከባሌ ጋር ገና ሳልላመድ፣ ፊቴን ተከናንቤ ከአባቱ ጋር ቤት መምራት ጀመርሁ። ከላሟና ከድመቷ በቀር የማናግረው አልነበረም። ምላሴ ያኔም እንደ ዛሬው ስል ነበረች፤ ያ ዝምታ ከረሃብ ባላነሰ አሠቃየኝ።

ከዚያ መንገዱ መጣ። ካሚዮን የሚሄድበት፣ በድንጋይ የተደለደለ፣ ከማሳችን በታች በወንዙ በኩል፣ ከመሬቱ ከፍ ብሎ የሚያልፍ መንገድ። ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ ድሮ በማሳችን ራስ ይመጣና አማቴ በየክረምቱ በሚያወጡት ፈሰስ እየተመራ ወንዙ ውስጥ ይገባ ነበር። ፈሰስ ማለት ውሃው እህሉን ሳይጎዳ እንዲያልፍ ማሳውን አቋርጦ የሚታረስ ቦይ ነው። አማቴ የፈሰሱን አቅጣጫ ከአባታቸው ነው የተማሩት፤ በዓይን የማይታይ ተዳፋት በእግራቸው ይለዩ ነበር። መንገዱ ሲሠራ የዚያን ፈሰስ መውጫ ዘጋው። ጣሊያኖቹ ውሃ ማሳለፊያ ቱቦ አልቀበሩም አልልም፤ ቀብረዋል። የቀበሩት ግን ከኛ ራቅ ብሎ፣ ለመንገዱ በሚመቸው ቦታ ነው። ለእኛ ማሳ ማን ያስባል!

አማቴ ወደ ጣሊያኖቹ ምሽግ ሄደው አመለከቱ። አንዲት ጠባብ ቦይ በመንገዱ ሥር ብትፈቀድላቸው ራሳቸው ቆፍረው ራሳቸው በድንጋይ እንደሚክቧት ተናገሩ። አስተርጓሚው ለጣሊያኑ ሳይነግር ራሱ መለሰላቸው፤ «መንገዱን የነካ ይሰቀላል። ይልቅ ልጅህ የት ነው?» አላቸው። አማቴ ልጃቸው የት እንዳለ እንደማያውቁ ተናግረው ተመለሱ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ቦዩ አላነሱም።

ያን ክረምት ዝናቡ ሐምሌን ሙሉ አላባራም። ውሃው መንገዱ ሥር ተሰበሰበ፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየሰፋ ማሳውን ሸፈነው። ገብሱ መጀመሪያ በሥረኛው ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ቢጫው ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ። አማቴ ውሃው ውስጥ ገብተው አንድ ዘለላ ነቀሉና ይዘው ወጡ። ሥሩ ጥቁር፣ ዝልግልግ ያለ ነበር፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል።

«እዪው፤ ታፍኖ ነው የሞተ» አሉ። «ውሃ መሐል ቆሞ አየር አጣ።»

«አፈር ውስጥ አየር አለ እንዴ?» አልሁ።

ለአማቴ የጠየቅሁት የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸ ነው። ከአፌ ካመለጠ በኋላ ደንግጬ ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብሁ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ዞር ዞር አሉና ከማሳው ጠርዝ አንድ የቄጠማ ዘንግ ቆረጡ። አንዱን ጫፍ ኩሬው ውስጥ ነክረው በሌላው ጫፍ እፍ አሉበት። ከውሃው ቡልቅ ቡልቅ እያለ አረፋ ወጣ።

«ገብስ አፈር ውስጥ ባለችው አየር ነው የሚኖር» አሉኝ። «ውሃው የአፈሩን ቀዳዳ ሁሉ ሲሞላበት ሥሩ ይታፈናል። ይቺ ግን አንጀቷ ክፍት ነው። አየሩን ከላይ ተቀብላ እስከ ሥሯ ታወርዳለች። ውሃው ራሷን እስካልዋጣት ድረስ ግድ የላትም።»

ዘንጉን ሰጡኝና እኔም እፍ አልሁ። አረፋው ሲወጣ ሳቄ አመለጠኝ። ገብሱ ሞቷል፣ ባሌ በረሃ ነው፣ እኔ ኩሬ ዳር ተቀምጬ በቄጠማ እፍ እያልሁ እስቃለሁ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ መከናነቡን አላበዛሁትም።

የሞተው ማሳ ትምህርት ቤታችን ሆነ። በዳር በኩል ትንሽ ኑግ ነበረች። አማቴ ግንዷ ከአፈሩ የሚገናኝበትን ቦታ በጥፍራቸው ጫን ሲያደርጉት ልል ነበር፤ አብጦ ለስልሶ፣ ከላዩ አዲስ ነጫጭ ሥር አውጥቷል። የድሮው ሥር ከታች ሲታፈን እሷ ከወገቧ ሌላ ሥር አውጥታ ውሃው ወለል ላይ ዘርግታለች። ሆደ ሰፊ የሚሏት በዚህ ነው። ጤፍ ደግሞ ሥሯ ቀጭንና ብዙ ነው፤ አይጠልቅም፤ ውሃ ሲበዛባት ትገረጣለች፣ ትቆዝማለች፣ ውሃው ሲሸሽ ግን እንደገና ትነሳለች። የኛ ጤፍ በላይኛው እርሻ ላይ ነበረች፤ እሷን ውሃ ሳይሆን የጣሊያን በቅሎዎች በእሸቷ ጨረሷት።

መስከረም ሲጠባ ውሃው መሳሳት ጀመረ፤ ጭቃው ግን በሬ አያስገባም። ሽምብራ ለመዝራት ጭቃው ጠፈፍ ማለት አለበት፤ እርጥበት እንጂ ውሃ አይወድም። ጎታችን ውስጥ የቀረችው ትንሽ ገብስ ነበረች፣ ሌላ እህል የለም። የሰው ቤትም እንደኛው ነበር፤ ደግሞ ልጁ በረሃ የገባ ሰው ገበያ ሲወጣ ይያዛል። አማቴ ከጎረቤት የጓያ ዘር ለምነው አመጡ። ልብሳቸውን ሰብስበው እስከ ባታቸው ጭቃ ውስጥ ገቡና ሳያርሱ በተኑት። እኔ ከዳር ቆሜ አያለሁ። ሲዘሩ ሁልጊዜ የሚሉትን ምርቃት ያን ቀን አላሉም።

በቀለ። ሌላው ሁሉ በታፈነበት መሬት ላይ አረንጓዴ ሆኖ ተዘረጋ። አማቴ አንዱን ነቅለው ሥሩን አጠቡና ለረጅም ጊዜ አዩት። ነጭ ነበር፤ ጤነኛ።

«ይኸ እንዴት እንደሚኖር እኔም አላውቀው» አሉ። «እንደ ቄጠማ አንጀቱ ሰፊ አይደል። ብቻ ይኖራል።»

ለመስቀል ባሌ ተደብቆ መጥቶ ጥቂት ቀን ከእኛ ጋር ቆየ። ታኅሣሥ ላይ እርጉዝ መሆኔ ታወቀ። አማቴ ይህን ከጎረቤታችን ሴትዮ ሲሰሙ ደስታቸውን አልሸሸጉም፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። የምንበላው ጓያ ብቻ እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን። የቀረችውን ገብስ በትንሽ ጎታ ከድነው በጭቃ መረጉባት። «ይቺ ለአራስ ገንፎሽ ናት፤ እስከዚያ አትነካም» አሉ። ጥር ላይ ጓያው ሲታጨድ ማሳው ውስጥ አላስገቡኝም። ውድማው አጠገብ ዝር እንዳልል፣ ገለባው ላይ እንዳልቀመጥ አዘዙኝ። የመጀመሪያው ምርት ቤት የገባ ዕለት ደግሞ ማጀት ደጃፍ ላይ ቆመው ድስቱን ከእጄ ተቀበሉኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ መቀቀሉ የኔ ነው» አሉ።

በኛ አገር ወንድ ማጀት አይገባም። የተራበ ወንድ እንኳ ምግቡ አጠገቡ ተቀምጦ ሴት እስክታቀርብለት ይጠብቃል። አማቴ ደግሞ በሽምግልና የሚጠሩ፣ በቤተ ክርስቲያን ቦታ ያላቸው ሰው ነበሩ። ጎረቤታችን ሴትዮ አማቴን አመድ በአመድ ሆነው እሳት እፍ ሲሉ ስታያቸው አፏን በእጇ ያዘች።

«አዬ ጉድ! ምነው አያ፣ ቀሚስ ላውስዎ?» አለቻቸው።

«አውሺኝ» አሉ አማቴ። «ልጄ ሲመለስ ሚስትህ በእግሯ ትሄዳለች ልበለው እንጂ፣ ማጀት አልገባሁም ብዬ ልመካበት?»

ሴትዮዋ አልሳቀችም። ከዚያ በኋላም ለማንም አላወራችም፤ አውርታም ከሆነ እኛ ጆሮ አልደረሰም።

እሳቸው ሲቀቅሉ እኔ ከቤት ወጥቼ እሩቅ እቀመጣለሁ። ጨው ያበዛሉ ወይ ይረሳሉ። ቂጣቸው ከውጭ አሮ ከውስጥ ሊጥ ነው። እኔ በመጀመሪያ ሰሞን በእፍረት፣ በኋላ በሳቅ በላሁት። ንፍሮው ከወጣ በኋላ ድስቱን ደጅ አውጥተው ክዳኑን ያነሱና ነፋስ ያስመቱታል። እንፋሎቱ ጠፍቶም አያምኑትም፤ መዳፋቸውን ከድስቱ አፍ በላይ ዘርግተው ይቆያሉ። ቅንጣት ሙቀት እንኳ እንዳልቀረ ሲያረጋግጡ ብቻ ይጠሩኛል። ፍሬውን ለሁለት ይከፍሉታል። የተቀቀለበትን ውሃ ግን ሁሉንም በዋንጫ ቀድተው ለእኔ ይሰጡኛል። ወፍራም፣ ቢጫ፣ ጣፈጥ ያለ ውሃ ነው።

«ጉልበቱ ያለው ውሃው ላይ ነው» ይሉኛል። «ሁለት ነፍስ ነሽ። ጠጪ።»

እሳቸው ከዚያ ውሃ አንድ ጉንጭ ቀምሰው አያውቁም። አንድ ቀን ጎረቤታችን ይህን አይታ፣ «እኛስ እንደፋዋለን፤ ሆድ ይነፋል» አለች። አማቴ ተቆጧት። «በዚህ ዘመን ምግብ ይደፋል?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ማን ምግብ ይደፋል? እኔም ዋንጫውን እስከ አተላው አንጠፍጥፌ ጠጣሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ የተንከባከበኝ ሰው አልነበረም። አባቴ ፊደል ሰጡኝ፣ እናቴ ሥራ ሰጠችኝ። እኚህ ሰው ግን ራሳቸው ተርበው የድርሻቸውን ለእኔ ይሰጡኝ ነበር፤ ወደድኋቸው።

የካቲት ላይ የመንደሩን ወንዶች ለመንገዱ ድንጋይ እንዲፈልጡ ወሰዷቸው፤ አማቴ ሽማግሌ ነኝ ቢሉም አልቀሩም። በትኩሳት እየተንቀጠቀጡ ተመለሱ። አንድ ቀን ሙሉ መነሳት አቃታቸው። ያን ቀን የሚበላ መሥራት ነበረብኝና ድስቱን እኔ ጣድሁት። ከመደቡ ላይ ሆነው «ተይ! ተይ አልሁሽ!» ይላሉ፤ ድምፃቸው አይወጣም። ነጠላዬን አፌ ላይ ጠምጥሜ ክዳኑን አነሳሁ። እንፋሎቱ ፊቴን ነካኝ። በማግሥቱ እሳቸው እየተንገዳገዱ ተነሥተው ድስቱን መልሰው ያዙ።

መጋቢት ላይ እግሬ ከበደኝ። ማታ ማታ ባቴ ይሸማቀቃል። ጎረቤታችን የሆዴን ቅርጽ አይታ ልጁ ከባድ ነው፣ እሱ ነው የሚጫንሽ አለችኝ፤ አመንኋት። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ማመን ነበር የፈለግሁት። ሚያዝያ ላይ ጣቶቼ መሬት ይልሱ ጀመር። ተረከዜ አላርፍ አለ፤ ጉልበቶቼ እርስ በርስ እየተጋጩ በእግሬ ጫፍ መሄድ ያዝሁ። አንድ ጠዋት ከምንጭ ስመለስ አማቴ ደጅ ተቀምጠው ዝናር ይጠግኑ ነበር። ከሩቅ አረማመዴን አዩት። ያን አረማመድ በሌላ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ አይተውታል። ዝናሩን አስቀመጡና ተነሡ፤ ሊቀበሉኝ መስሎኝ ነበር፤ መሐል ላይ ደርሰው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ያን ቀን ነው» አሉ። «የታመምሁ ቀን።»

እኔም ያን ቀን መሰለኝ። ሌላ ምን ይመስለኛል? አንድ ቀን ብቻ ነው እንፋሎቱ የነካኝ። አብረን አለቀስን። ከዚያ አማቴ እንባቸውን ጠርገው ገቡና ጉልበቴ እንዲመለስ የንፍሮውን ውሃ ከድሮው አብዝተው ሰጡኝ። አዲሱ እህል እስኪደርስ ድረስ ማለዳም ማታም እየጠጣሁ ቆየሁ። ፈሪ አልነበርሁም፤ መራመድ እፈልግ ነበር።

ሰኔ ላይ ሴት ልጅ ወለድሁ። ያዋለዱኝ ሴቶች ሕፃኗን ሲሰጧቸው አማቴ ፊቷን አላዩም፤ መጀመሪያ እግሮቿን ነው የገለጡት። ሁለቱንም በመዳፋቸው ያዙ። ስትራገጥ ጊዜ «እልል በሉ እንጂ!» ብለው በሴቶቹ ላይ ጮኹ። የተመረገችውን ጎታ ከፍተው የገብሱን ገንፎ ራሳቸው አገነፉ፤ ጓጉሎ ነበር። ያን የመሰለ ምግብ ከዚያ በኋላ በልቼ አላውቅም። ያኔ እኔ በሁለት ምርኩዝ ነበርሁ።

ጣሊያን ሲወጣ ባሌ ተመለሰ። ወጣት ነው፣ ስም አለው፣ ሚስቱ ደግሞ በምርኩዝ የምትሄድ ሆና አገኛት። ዘመዶቹ ሌላ እንዲያገባ መከሩት፤ አልቀየምኋቸውም፣ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ያንኑ እመክር ነበር። አማቴ ግን በሰው ሁሉ ፊት ተነሥተው ቆሙ። «እሷን የሰበርኋት እኔ ነኝ» አሉ። «ከድስቱ ልከለክላት ቃል ገብቼ አንድ ቀን ተኛሁ። እዳው የኔ ነው፤ እሷ ከዚህ ቤት ከወጣች እኔም እወጣለሁ።» ባሌ በማግሥቱ ከወይራ ዛፍ ሁለት ምርኩዝ ቆርጦ፣ እጅ የሚይዝበትን በመስታወት ስባሪ ፍቆ አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሌላ ሚስት የተነሳ ነገር የለም።

አማቴ መንገዱን ከሥሩ ቆፍረው ፈሰሱን ወደ ወንዙ መለሱት፤ ማሳው እንደገና ገብስ አበቀለ። ልጄን በጀርባቸው አዝለው አሳደጓት። እኔ የማልደርስበት ሁሉ እሳቸው ይደርሱ ነበር፤ ምንጭ፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን። ከእኔ ይልቅ የእሳቸው ልጅ ነበረች ብል አላጋነንሁም። ቄጠማ ቆርጠው ኩሬ ውስጥ እፍ ማለትም አስተምረዋታል። እግራቸው እስከ መጨረሻው ጤነኛ ነበር፤ ያም ያሳፍራቸው ነበር። ድስቱ ላይ የከረምሁት እኔ፣ የተሰበርሽው አንቺ እያሉ ይገረሙ ነበር። እግዚአብሔር እኔን ለምን ዘለለኝ ብለው የንስሐ አባታቸውን ጠይቀዋል። ሊሞቱ ሲሉ እጄን ይዘው ያችን ቀን ይቅር እንድላቸው ለመኑኝ።

«ምን አደረጉኝ፣ አባባ?» አልኋቸው። «ከእርስዎ በቀር ማን ነበረኝ?»

«ይቅር በይኝ» አሉ እንደገና። ይቅር ብያለሁ አልኋቸው፤ ያን ጊዜ ተነፈሱ።

ልጄ አድጋ ይጁቤ ወደምትባል አገር ተዳረች። አንድ ጊዜ ልጠይቃት በበቅሎ ሄጄ፣ በገበያ ቀን ከጤና ጣቢያ የመጣ ወጣት ዛፍ ጥላ ሥር ሴቶችን ሰብስቦ ሲያስተምር ደረስን። ልጄ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝና አጠገቤ ቆመች። ወጣቱ የሚያስተምረው ስለ ጓያ ነበር። የሚሰብረው እንፋሎቱ አይደለም አለ። ሴቶቹ ሳቁበት። እሱ ግን አልተቆጣም፤ በትሕትና ደጋግሞ አስረዳ። የሚሰብረው መብላቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ፣ ሌላ እህል ሳይቀላቀል መብላቱ። ሌላ የምትበሉት ካጣችሁ ደግሞ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት፣ ቀቅሉት፣ ውሃውን ድፉት አለ። መርዙ ከፍሬው ወጥቶ ውሃው ውስጥ ነው የሚገባው። ፍሬውን የበላ ሊተርፍ ይችላል፤ ውሃውን የጠጣ ግን መርዙን ጠጣው ማለት ነው።

ሴቶቹ መጠየቃቸውን ቀጠሉ፤ እኔ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ዋንጫው ታየኝ። መዳፋቸውን ከድስቱ በላይ ዘርግተው እስኪበርድ ሲጠብቁ ታየኝ። ሁለት ነፍስ ነሽ፣ ጠጪ ሲሉኝ ሰማሁ። ብዙ ዓመት አልቅሼላቸዋለሁ፤ በየዓመቱ ተዝካራቸውን አውጥቻለሁ። ያን ቀን ግን ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ በመሞታቸው ደስ አለኝ። ይህን ሳይሰሙ በመሞታቸው እግዚአብሔርን አመሰገንሁ።

ልጄ ጎንበስ አለችና አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠጋች። እግሮቼን እያየች ነበር።

«እማዬ» አለችኝ፣ «አያቴ ውሃውን ይደፉት ነበር?»

«ይደፉት ነበር» አልኋት። «አንድም ቀን አላስቀሩ።»